የገረጋንቲው ሜዳና የተቆለፈው መንጋጋዬ

መንጋጋዬ መጥበቅ የጀመረው ባለቤቴ በተቀበረ በሰባተኛው ቀን ነው። ጎረቤቴ ያጎረሰችኝን ላኝክ ስል የቀኝ መንጋጋዬ አልታዘዝ አለ። እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆነብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሐዘንተኛ አልበላም ቢል የሚገርመው ሰው የለም፤ እኔም አልገረመኝም። ያ ዝምታ ሊገድለኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ አቆማለሁ። በቤቱ ፈረስ ያለው፣ ለጨዋታ ሜዳ የሚመርጥ፣ ወይም ትንሽ ቁስል የናቀ ሰው ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ አነስተኛ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ አበረ ገበሬ ነበር። በጥምቀት ታቦታቱ ከገቡ በኋላ በከተማችን ጉግስ ይደረጋል። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ሆነው እየተባረሩ በዘንግ ይወራወራሉ፤ የሚሸሸው ድንገት ፈረሱን አዙሮ ያመልጣል። አበረ በዚያ መዞር የታወቀ ነበር። ሰው ከሌላ ቀበሌ ድረስ እርሱን ለማየት ይመጣ ነበር።

እስከ ካቻምና ድረስ ጨዋታው የሚካሄደው በወንዙ አጠገብ ባለው የግጦሽ መስክ ላይ ነበር። መስኩ የፍልፈል ጉድጓድ አለበት፤ በአንድ በኩል ደግሞ ረግረግ ነው። አምና ግን መንገድ ሠሪዎች ዕቃ ያከማቹበትን ቦታ ለቀው ሄዱ። በገረጋንቲ ተሞልቶ በሮለር የተዳመጠ፣ ሰፊና ለጥ ያለ ቦታ ነው። የጥምቀት ኮሚቴው አይቶ ወደደው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ።

በስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ፣ «እንግዳ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ እያለልን ጭቃ ውስጥ ምን ዶለን?» አለ።

አበረ በሰው ፊት መናገር አይወድም። የዚያን ቀን ግን ተነሣ።

«ኮቴ የሚይዝበት የለውም» አለ። «ላዩ ጠጠር፣ ሥሩ እንደ ሲሚንቶ ነው። ጠዋት ዳማ ፈረሴን ወስጄ በሶምሶማ አዙሬበት ነበር፤ የኋላ እግሩ ከዳው። በሶምሶማ እንዲህ ከሆነ በግልቢያ ምን ይሆናል? ይሄ ለመኪና የተሠራ ነው።»

ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ይሆናል። ምናልባትም ሚስቱ ስለሆንኩ በሰው ፊት ብቀልድበት መብቴ መስሎኝ ይሆናል። ከወረቀቱ ቀና ሳልል፣ «ዳማውን ተወው፤ ዘንድሮ የፈራው ፈረሰኛው ነው። ሃምሳ ሞላው እኮ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ታናሽ ወንድሙ ስንሻው ነው። «በል እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ከሴቶቹ ጋር ቁመህ እልል በልልን!» አለው። አበረም ሳቀ። «መምህርት ከፈረደችማ ምን ይባላል» ብሎ ተቀመጠ። እኔም «ሜዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ።

በእኛ አገር ፈረሰኛን በሰው ፊት «ፈራህ» ካሉት በኋላ ቤቱ አይቀርም። ይህን ጎጃም ተወልዶ የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር።

በጥምቀት ቀን አበረ ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ አመለጠ። በሦስተኛው ዳማውን ሲያዞረው ሽምብራ በፈሰሰበት ወለል ላይ እንደረገጠ ሰው የፈረሱ የኋላ እግሮች ከሥሩ ሄዱ። በጎናቸው ወደቁ። ፈረሱ ተነሣ፤ አበረ አልተነሣም። በሣር ላይ ቢሆን ትከሻው ብቻ ይወልቅ ነበር ብለውኛል የሚያውቁት። ጭንቅላቱ ያረፈው ግን ድንጋይ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፈ።

ወደ እርሱ ስሮጥ እኔም ወድቄ ነበር። ሜዳው ላይ ብዙ ፈረስ ስለዋለ ጠጠሩ ከፋንድያ ጋር ተለውሶ ነበር። ጉልበቴ መቀደዱን ያየሁት ቤት ገብቼ ሰው ቀሚሴን ሲቀይርልኝ ነው። አንዲት ሴት በውኃ አበስ አበስ አድርጋ፣ የተፈጨ ቡና ነስንሳ በጨርቅ አሰረችው። በአራት ቀን ላዩ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ጉልበት እንዳለኝም ረሳሁ።

እንግዲህ በሰባተኛው ቀን መንጋጋዬ ጠበቀ። በማግስቱ አንገቴን ማዞር አቃተኝ፤ ምራቄን መዋጥም ሥራ ሆነብኝ። በዘጠነኛው ቀን የሆነውን ግን መጻፍ ይከብደኛል። ፊቴ ወደ ሁለቱም ጎን ተጎተተ። እኔ መስተዋት አላየሁም፤ በሐዘን ቤት መስተዋት የለም። ለቀስተኞች አንድ በአንድ ሲያዩኝና ዓይናቸውን ሲሰብሩ ብቻ አያለሁ። ልጄ ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና በጆሮዬ፣ «እማ፣ ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» አለችኝ።

እየሳቅኩ አልነበረም። የፊቴ ጅማት ተጎትቶ ነው። «አልሳቅኩም» ልላት ፈለግሁ፤ በተገጠመ ጥርስ መካከል የወጣው ድምፅ ግን እርሱም ሳቅ መሰለ። በበሩ በኩል ከተቀመጡት የባለቤቴ ዘመዶች አንዷ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «በምላሷ ገደለችው፤ አሁን ደግሞ ትስቅበታለች» አለች። የስብሰባው ቀልድ በአገሩ ሁሉ ተወርቶ ነበር። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ትርንጎ በዚያው ቀን ከተማችን ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሰውየው «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። አልተከፈተም። በማንኪያ ሞከረ። «የመንጋጋ ጥርስ መርቅዞ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። በማግስቱ ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሩ በተዘጋ ቁጥር ሰውነቴ ድንግጥ ይልና ጀርባዬ እንደ ጣውላ ይገተራል። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። ነገሩ ገባት መሰለኝ ተነሥታ ሄዳ በሩን በእግሯ ይዛ ቆመች፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። ተራዋ እስኪደርስ ድረስ እንደዚያው ቆመች። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም አልችልም ነበር። ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው፣ አንገቷ ደግሞ ከለቅሶ ብዛት ነው ተባለ። በሐዘን ላይ ነች ብለን እኛው ስለነገርናቸው በእነርሱ አልፈርድም። ጉልበቴንም አላሳየናቸውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ዘመዶቼ ጸበል ወሰዱኝ። አምናለሁ፤ አሁንም አምናለሁ። ቀዝቃዛው ውኃ ሲያርፍብኝ ግን ጀርባዬ እንደ ቀስት ተለምጦ በተረከዜና በማጅራቴ ብቻ መሬት ነካሁ። ሰው ሁሉ ጮኸ። «ማነህ? ተናገር! ከየት ያዝካት?» ይላሉ። ሁሉንም እሰማለሁ። አእምሮዬ እንደ ጠዋቱ ሰማይ የጠራ ነው። እኔ ነኝ፣ አስተማሪዋ፣ የአበረ ሚስት ልላቸው እፈልጋለሁ፤ አፌ አይከፈትም። በጮኹ ቁጥር እንደገና እገተራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በዚህ መካከል ስንሻው በሰው መሐል እየጋፋ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ዓይኔን አይቶ አያውቅም ነበር። ተንበርክኮ መንጋጋዬን በመዳፉ ያዘና አየኝ። ከዚያ ወደሚያጠምቁት ቄስ ዞሮ፣ «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይሄን አውቀዋለሁ» አለ። «የአባታችን ቦራ ፈረስ ሚስማር ረግጦ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። አፉ ተቆልፎ፣ ጆሮው ቆሞ፣ ጅራቱ ተገትሮ። ጠብታ ውኃ ሲያርፍበት እንዲሁ ይንዘፈዘፍ ነበር።»

«ሰውን ከፈረስ ታስተካክላለህ?» አለ አንዱ።

ስንሻው አፈረ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እታለም፣ ንቄሽ አይደለም» አለኝ። «ፈረስ ነው የማውቀው። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ቄሱ እጃቸውን አንሥተው ጩኸቱን አስቆሙ። «ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። አሁኑኑ ውሰዷት» አሉ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ በየባጃጁ ጥሩምባ እየተገተርኩ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ትርንጎን፣ «ቁስል ነበራት?» ብሎ ጠየቃት። «የለባትም» አለች። እርሷ ያን ቀን አባቷን ይዛ ስለነበር የእኔን ጉልበት አላየችም። እጄን በአየር ላይ እንደ መጻፍ አደረግሁ። እስክሪብቶ አስያዙኝ። በካርዱ ጀርባ ላይ «ጉልበት» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪ ሆኜ ስንት ሺህ ቃል ጽፌያለሁ፤ ነፍሴን ያተረፈው ይህ አንዱ ነው።

የደረቀውን ቅርፊት ሲከፍቱት ከሥሩ መግልና የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወጣች። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «እትዬ፣ ይሰማዎታል? በሽታው ቴታነስ ይባላል። ጀርሙ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። በጥልቅ ቁስል ገብቶ ላዩ ሲዘጋለት መርዝ ይረጫል፤ ጅማት የሚያስረው መርዙ ነው። ሐዘን አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። የእርስዎ ጥፋትም አይደለም።» የመጨረሻውን ለምን እንደጨመረ አላውቅም። ምናልባት ለሁሉም ታማሚ ይለው ይሆናል። ከዓይኔ ጥግ ውኃ ወረደ፤ ወዲያው ተገተርኩ።

ያን ሲያይ ከለከለኝ። «ማልቀስ የለም» አለ። «እርስዎ ፊትም ማንም አያለቅስም። ብርሃን፣ ድምፅ፣ መነካት፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ያስነሣብዎታል። አንዱ መገተር ትንፋሽዎን ከያዘ አንመልስዎትም።»

መርዙን የሚያከሽፈው መርፌ በሆስፒታሉ አልቆ ነበር። ስንሻው በዚያው ልብሱ ባሕር ዳር ሄዶ በበረዶ አሽጎ ይዞት መጣ። ቀድሞ ጅማት የያዘውን መርዝ መርፌው አይነቅለውም፤ ገና የሚመጣውን ብቻ ነው የሚያስቆመው። የቀረው መጠበቅ ነው ተባለ። ከመጨረሻው ክፍል አስገቡኝ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈኑት፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፈኑት፣ በአፍንጫዬ ምግብ የሚወርድበት ቱቦ አስገቡ። ቀኑን ሌሊት አደረጉልኝ። ሌሎች ታማሚዎች ሌሊቱን ፈርተው ንጋትን ይጠብቃሉ፤ እኔ ንጋት አልነበረኝም። ሞትን እፈራ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። የምፈራው በወጉ ሳላለቅስለት መሞትን ነበር።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የማልረሳው ሰው ቢኖር የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። የባልዲዋ እጀታ ሲወድቅ እንደሚያስገትረኝ በመጀመሪያው ቀን አየች። በሁለተኛው ቀን እጀታውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላው፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ከዚያ በኋላ ወለሉ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነበር መጥታ እንደሄደች የማውቀው።

የአበረ አርባ እኔ በሌለሁበት ወጣ። ትርንጎ አልነገረችኝም። በዚያ ቀን እንደወትሮው መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። የተዝካሩ ጠላ ሽታ ከነጠላዋ መጣ፤ ቀኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። እርሷም እንዳወቅሁ አወቀች። ሁለታችንም በጨለማ ውስጥ ትንፋሻችንን እየቆጠርን ተቀመጥን። የሃያ ዓመት ልጅ አባቷን ቀብራ፣ እናቷ እንዳትሞት ብላ ዕንባዋን ዋጠች። ውጭ ወጥታ እንኳ እንደማታለቅስ በኋላ ሰማሁ፤ ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ እንዳላይባት ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መስኮቱ ተከፈተ። አፌ አንድ ጣት ያስገባ ጀመር። ሐኪሙ ቀጫጭን እንጨቶችን ደርቦ በጥርሴ መካከል ያስገባና በየቀኑ አንድ ይጨምርበታል። መራመድን ግድግዳ ይዤ ተማርኩ። ከሆስፒታል ስወጣ ክትባቱን ሰጡኝ። በሽታው አንዴ ስለያዘኝ ሁለተኛ አይዘኝም ብዬ ነበር፤ እንዲያ አይደለም። ሕመሙ ራሱ አይከላከልም፣ የሚከላከለው ክትባቱ ነው። ፈረስ የሚነካ ሰው ሁሉ ቢከተብ፣ ቁስሉንም በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ቢያሳይ ይበጀዋል። ቡና አትነስንሱበት።

ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ስንሻው መጥቶ በደጅ ተቀመጠ። ዳማውን ልሽጥልሽ ወይ ብሎ ነው የመጣው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኩት። በድምፄ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም ስቄያለሁ እታለም» አለ። «ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር ሜዳው እንደማይሆን። ያን ጠዋት አብሬው ነበርኩ። የዳማው እግር ሲከዳው በዓይኔ አይቻለሁ። ስብሰባው ላይ ግን ሳቅሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም። ዳማውም አልተሸጠም።

ዘንድሮ ጥምቀት ሲቃረብ ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ በራሴ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ቀጠለ። ገረጋንቲው ላይ የወንዝ አሸዋ አልብሰን ብንጫወትበትስ አለ። እጄን አወጣሁ። አፌ ሲበርደው አሁንም ይይዘኛልና ቃሉን እየቆረጥኩ ነው የተናገርኩት።

«ያን ሜዳ የመረጥነው ለድንኳኑና ለጫማችን ነው» አልኩ። «በላዩ ስለሚዞረው ኮቴ የተናገረው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱንም ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አበረ እጁን አላወጣም። ዛሬ ስንሻውን ጠይቁት።»

ስንሻው ተነሣ። «አሸዋው ስስ ከሆነ ያው ጠጠር ነው፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ የፈረሱን ጅማት ይበጥሳል» አለ። «ነገ መስኩ ላይ ኑ፣ ኮቴው ራሱ ይንገራችሁ።»

በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደ አሮጌው የግጦሽ መስክ ወጣ። ስንሻው ፈረሱን በእርምጃ እየነዳ፣ በየቦታው እየወረደ ዱካውን አሳየን። ዱካ ካልወጣ መሬቱ ደንድኗል፤ ያንሸራትታል፣ የወደቀንም አይምርም። ዱካው ውኃ ከቋጠረ ረግረግ ነው። ዱካው ወዲያው ከተናደ ልል ነው። ኮቴው ትንሽ ገብቶ ጠርዙ ሳይፈርስ ከቆመ እዚያ ይጋለባል። እንዲህ እያለ ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ሣሩ ሥር የሰደደ ረጅም ቦታ ለየና በካስማ ከለለው። ሃያ ያህል ሰው የፍልፈሉን ጉድጓድ በአፈር ሞልቶ ረገጠው፣ ድንጋዩን ለቀመው፣ ከረግረጉ በኩል ገመድ ወጠረ። ስንሻው በጫፉ ላይ ፈረሱን በሙሉ ግልቢያ አዞረው። አንዴም አልተንሸራተተ። ሰው አጨበጨበ።

ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ። አካፋቸውን ተሸክመው እየተቀላለዱ ወደ ከተማ ሲመለሱ ሊቀመንበሩ በአጠገቤ አለፈ። ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ፣ «አየሽ መምህርት፣ ይሄን ያህል ቀላል ኖሯል እኮ» አለኝ።

ትርንጎ እጄን ይዛ «እማ፣ እንሂድ» ብትለኝም ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ቀን። አበረን ለማትረፍ የሃያ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃ ነበር። ያን ስረዳ ማንም የማይከለክለኝን ለቅሶ፣ ለዓመት ያህል የቆየውን፣ እዚያው መስኩ ላይ ጀመርኩት።